ከዌስትቦሮ ከወጣች በኋላ፦ የሜጋን ፌልፕስ-ሮፐር የጉዳይ ጥናት

አንድ ሰው ጥብቅ ቁጥጥር ካለበት የሃይማኖት ቡድን ወጣ ሲባል፣ ቶሎ የሚመጣልን ጥያቄ «እስከዛሬ ምን ይዞት ቆየ?» የሚል ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። የወጣ ዕለት ማታ የት ያድራል? ሲታመም ለማን ይደውላል? ነጋ ጠባ «ውጪ ያለው ሁሉ ጠላትህ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ውጪ ያለውን ሰው እንዴት አድርጎ ያምናል?

ይህን በደፈናው ከማውራት አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዞ ማየት ይሻላል። የሜጋን ፌልፕስ-ሮፐርን የመረጥኩት ታሪኳን ራሷ በአደባባይ ደጋግማ ስለተናገረችው ነው። የማንንም ገመና ሳንገልጥ በዝርዝር ልናየው እንችላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኑ

ዌስትቦሮ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያለችው በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ዋና ከተማ ቶፒካ ነው። ስሟ ባፕቲስት ይበል እንጂ ከየትኛውም የባፕቲስቶች ኅብረት ጋር አትገናኝም። በ1955 የመሠረቷት ፓስተር ፍሬድ ፌልፕስ ናቸው። የአባላቷ ቁጥር መቶ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹም የእሳቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ቤቶቻቸው አንድ ሰፈር ውስጥ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ጓሯቸውም የጋራ ነው።

ፓስተሩ ጠበቃም ነበሩ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ፍርድ ቤት የተከራከሩ ሰው ናቸው። ይህን የማነሳው እንዲህ ያሉ ቡድኖች ከመሬት ተነስተው ክፉ ለመሆን በፈለጉ ሰዎች የሚመሩ እየመሰለን ስለምንሳሳት ነው። በ1979 የካንሳስ የጥብቅና ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ከ13 ልጆቻቸው 11ዱ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆነዋል።

ከ1991 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኗ በየአደባባዩ ሰልፍ መውጣት ጀመረች። መልእክቱ «እግዚአብሔር ይጠላችኋል» የሚል ነው። በተለይ ግብረ ሰዶማውያንን፣ ኋላ ላይ አይሁዶችን፣ ካቶሊኮችን፣ ከዚያም አሜሪካን በሙሉ። ከ2005 ወዲህ ደግሞ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ቀብር ላይ እየተገኙ፣ ሞታቸው የእግዚአብሔር ቅጣት ነው የሚል መፈክር ያነሱ ነበር። የአንዱ ወታደር አባት ከሰሷቸው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2011 በ8 ለ 1 ድምፅ ንግግራቸው በሕግ የተጠበቀ ነው ብሎ ወሰነላቸው።

ሜጋን የፓስተሩ የልጅ ልጅ ናት። የተወለደችው በ1986 ነው። ሰልፍ መውጣት የጀመረችው በ5 ዓመቷ ነው። እናቷ አሻንጉሊቶቿን መኪና ውስጥ ትታ እንድትወርድ ነገሯት። ወረደችና በካንሳስ ወበቅ፣ በዘመዶቿ መሀል፣ ገና ማንበብ የማትችለውን መፈክር በትንንሽ እጆቿ ጨብጣ ቆመች። ይህን ራሷ ናት ያወራችው።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጆቹ ተዘግቶባቸው አላደጉም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሜጋን እዚያው ከተማ ያለው ዋሽበርን ዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ፣ ስልክ ይይዛሉ። ታዲያ ምን ያዛቸው? ያደጉበት እምነት መልሱን አስቀድሞ ይሰጥ ነበር። የሚቃወምህ ሰው ካለ፣ ትክክል መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ እሱ ነው ይባላል። የሚያለቅስ ካለ፣ ንስሐ ስላልገባ ነው። የወጣ ሰው ካለ፣ ቀድሞም ከእኛ አልነበረም። ቀኑ በጸሎት፣ በቃል ጥናትና በሰልፍ የተሞላ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይዋደዳሉ። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም፣ ፈተና ሲደርስ ሁሉም ይሰበሰባል። ሜጋን ስለቤተሰቧ ስታወራ ይህን ፍቅር ደብቃ አታውቅም። ከወጣች በኋላ ለደረሰባት ሕመም ዋናው ምክንያትም ይኸው ፍቅር ይመስለኛል።

ሮበርት ጄይ ሊፍተን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1961 የሰውን አስተሳሰብ ሙሉ በሙሉ የሚቆጣጠሩ ቡድኖችን መለያ በስምንት ነጥብ አስቀምጠዋል። አንዱ ቡድኑ ማን በሕይወት መኖር እንደሚገባውና እንደማይገባው የመወሰን ሥልጣን ለራሱ መስጠቱ ነው። በዌስትቦሮ ይህ ሥልጣን ውጪ ባለው ሰው ላይ ብቻ አልቆመም። ከቤት ልጅም ላይ ይወርዳል። የፓስተሩ ልጅ ናታን በ1976፣ 18 ዓመት በሞላው ሌሊት ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ነው ከቤት የወጣው። ከ13ቱ ልጆች አራቱ ወጥተዋል። የወጣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ያለው ነገር ሁሉ ያበቃል። ቤት የቀረውም ልጅ ይህን እያየ ያድጋል።

ጥርጣሬው የገባበት በኩል

ሜጋን በ2009 ትዊተር ላይ የቤተ ክርስቲያኗ አፍ ሆነች። ሥራዋ መስበክና መሳደብ ነበር። ብዙ ሰው በስድብ መለሰላት፤ ይህ ደግሞ አላስጨነቃትም፤ የምትጠብቀው ነዋ። ነገሩን የቀየሩት በጨዋ ቋንቋ የመለሱላት ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ኢየሩሳሌም የሚኖረው ዴቪድ አቢትቦል ነው። አይሁዳዊ ነው፤ የአይሁድ ጉዳዮችን የሚያነሳ ብሎግ ነበረው። መጀመሪያ ተቋሰሉ። ቆይተው ግን እየተጠያየቁ ማውራት ጀመሩ። በአካል የተገናኙት ሰልፍ ላይ ነው። እሱ ከኢየሩሳሌም ጣፋጭ አመጣላት። እሷ ለአይሁዶች የተፈቀደ ቸኮሌት ይዛለት ሄደች። በሌላ እጇ ግን «እግዚአብሔር አይሁዶችን ይጠላል» የሚል መፈክር ይዛ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ውስጥ አብሮ መኖር ይችላል።

ዴቪድ ግብረ ሰዶማውያን በሞት ይቀጡ ስለሚለው መፈክራቸው ጠየቃት። «ከእናንተ ኃጢአት የሌለበት አስቀድሞ በድንጋይ ይውገራት» ያለው ራሱ ኢየሱስ አይደለም ወይ? የተገደለ ሰውስ መቼ ንስሐ ይገባል? በዚያ ሚዛን ቢፈረድ የራሷ ቤተሰብ እንኳ አይተርፍም ነበር። ሜጋን መልስ አጣች። ያንን መፈክር ዳግም አልያዘችም። ለምን እንደተወችው ግን በግልጽ አልተናገረችም። ከዴቪድ ጋርም ማውራቱን ለጊዜው ተወችው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የጠየቃት ከእሷ እምነት ውጪ ቆሞ አይደለም። የምታከብረውን መጽሐፍ ይዞ ነው የጠየቃት። ከእንዲህ ያለ ቡድን ሰውን ለማውጣት የሚደክሙ ዘመዶች ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። እምነቱን በጅምላ ያጥላላሉ። ሰውየው ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነው ያደገው።

ከዚያ በ2011 ጥቂት ወንዶች ሽማግሌዎች ሆነው የቤተ ክርስቲያኗን አመራር ያዙ። የሜጋን እናት ሸርሊ ለዓመታት የቡድኑ ዋና ተናጋሪ ነበሩ። ጠበቃም ናቸው። እሳቸውን ከኃላፊነት አንስተው ገሠጿቸው፣ ዝም አሰኟቸው። ሜጋን ይህ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው ብላ መቀበል አቃታት። በኋላ ደግሞ አባላቱ ባልተገኙበት ቀብር ላይ የተገኙ የሚያስመስል የተቀናበረ ፎቶ ተለቀቀ። ሲዋሹ በዓይኗ አየች። አንድ ቀን ግድግዳ እየቀባች ሳለ ያ አስፈሪ ሐሳብ ሙሉ ሆኖ መጣባት፤ ከመጀመሪያው ተሳስተን ከሆነስ?

መውጣቱ

በኅዳር 2012 ሜጋን ከታናሽ እህቷ ከግሬስ ጋር ወጣች። እሷ 26፣ ግሬስ 19 ዓመታቸው ነበር። ለወራት በምስጢር ተነጋግረውበታል። ግሬስ ባትኖር ኖሮ ሜጋን ብቻዋን ትችለው ነበር ለማለት እቸገራለሁ። ከእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ሆኖ መውጣት ብዙ ነገር ያቀላል፤ ቢያንስ ሌሊት ላይ «እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ እነሱ?» ብሎ የሚጠይቁት ሰው አለ።

አያቶቿን ሄዳ ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ ወላጆቿም፣ ቤት የቀሩት ወንድምና እህቶቿም ፊት ነሷት።

ከወጡ በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቅርብ ሆነን ብናየው ሜጋን የተነጠቀችው እምነቷን ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ሰው ነው። እናትና አባቷ በሕይወት አሉ፣ አድራሻቸው ይታወቃል፣ ስልካቸውም አለ። እሷ ግን ለእነሱ የለችም። ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠኑት የሐዘን ዓይነት አለ። መጀመሪያ የተመለከቱት በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ነው። ሰውየው ሞተ እንዳይባል አስከሬን የለም፤ አለ እንዳይባል አይመጣም። ቤተሰቡ እርሙን አያወጣም። ከሃይማኖት ቡድን ወጥቶ ቤተሰቡ ያገለለው ሰው ሐዘኑ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ለቅሶ ደራሽ የለውም። ወዳጅ እንኳ «ተገላገልሽ፣ እነሱን እርሻቸው» ይላታል። በሆዷ ይዛው ትዞራለች።

ሁለተኛው የቀኑ መልክ ነው። ጧት ምን ይደረግ እንደነበር፣ ማታ የት ይኬድ እንደነበር፣ ምን ይለበስ እንደነበር፣ ሁሉም የተወሰነ ነበር። አሁን ምንም የተወሰነ ነገር የለም። ነፃነቱ መጀመሪያ ላይ የሚያስደነግጥ ነው።

ሦስተኛው ብዙም አይወራለትም። በራስ ፍርድ ላይ ያለ እምነት ነው። 26 ዓመት ሙሉ እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተ ሰው፣ ከዚህ በኋላ ልክ መሆኑን በምን ያውቃል? አንዳንዱ ይህን ጭንቀት ስለማይችለው ሌላ እርግጠኛ መሪ ይፈልጋል። ከእሳት ወደ ረመጥ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ማንንም ማመን ያቆማል። በዚህ ላይ የሲኦል ፍርሃት አለ። ትምህርቱን በአእምሮው የጣለ ሰው እንኳ ሌሊት ሲነቃ ልቡ ይመታል። አካሉ የተማረውን በአንድ ጊዜ አይረሳም።

ሁለቱ እህትማማቾች መጀመሪያ ያደረጉት ዘወር ማለት ነው። በሳውዝ ዳኮታ ግዛት ዴድዉድ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደው ጥቂት ጊዜ ቆዩ። አነበቡ፣ ተነጋገሩ፣ ዝም አሉ። ይህ ጊዜ ትርፍ አልነበረም ባይ ነኝ። ሰው ከወጣ ማግስት ጋዜጠኛ ፊት ቢቆም ወይም አዲስ ዓላማ ቢያነግቡት ገና በድሮው ቋንቋ ነው የሚያወራው።

በየካቲት 2013 ሁለቱም መውጣታቸውን በጽሑፍ ለሕዝብ አሳወቁ። የተናገሩትና ያደረጉት ሰዎችን እንደጎዳ አመኑ። ለዚያም እንደሚያዝኑ ጻፉ። ቤተሰባቸውን ግን አልሰደቡም። ብዙ አንባቢ በዚህ ቅር ሳይለው አይቀርም። እኔ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ሰው ለመዳን የሚወዳቸውን ሰዎች ጭራቅ ማድረግ አይጠበቅበትም። እንዲያውም የወጡበት ቤት ያስተማራቸው ይህንኑ ነበር፤ የተለየህን ሰው ጭራቅ አድርገው።

የረቢው ወጥ ቤት

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር በጉዳዩ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ዴቪድ አቢትቦል እህትማማቾቹን ሎስ አንጀለስ ከአይሁድ ማኅበረሰብ ጋር ጊዜ እንዲያሳልፉ ጋበዛቸው። ያረፉት አንድ ረቢ፣ ማለትም የአይሁድ የሃይማኖት መምህር፣ ቤት ነው። ረቢው፣ ባለቤቱና አራት ልጆቻቸው ባሉበት ቤት ሶፋ ላይ ተኙ። ሜጋን ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ረቢ ላይ ሰልፍ ወጥታ ነበር። ያኔ የያዘችው መፈክር «ረቢያችሁ ጋለሞታ ነው» ይላል። አሁን በእሱ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች፣ ለእራት አትክልት ትከትፋለች፣ እየከተፈችም ስለ ሃይማኖትና ስለ ኑሮ ሰዓታት ታወራለች። እንደ ቤተሰብ ያዙን ብላለች።

ይህ ለምን ፈወሳት? የኔ ግምት ይህ ነው። ይቅርታ የጠየቀችው በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ፀፀቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ይሽከረከር ነበር። እዚያ ቤት ግን የበደለቻቸው ሰዎች ሥራ ሰጧት። ከትፊ፣ እጠቢ፣ ተቀመጪ፣ ብዪ። ያስተማሯትን «ጠላት» በአካል፣ ልጆቹን ሲያስተኛ አየችው። ሺህ ክርክር የማያመጣውን ነገር አንድ ሳምንት በሰው ቤት ማደር ያመጣዋል።

ሜጋን ስለዚያ ወቅት ስትናገር አንድ ያልጠበቀችውን ነገር አንስታለች። በየመንገዱ በምታየው ሰው ሁሉ ላይ በውስጧ የምትፈርደው ፍርድ ነበር። እሱን መተው ትልቅ እፎይታ እንደሆነላት ትናገራለች። ይህን ሳነብ ቆሜ አሰብኩበት። የቁጥጥር ቡድን አባሉን የሚያደክመው በሰልፉና በሥራው ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ዳኛ አድርጎም ያውለዋል።

ቀሪው ሕይወቷ ቶሎ ይነገራል። ትዊተር ላይ ከተዋወቀቻቸውና በጨዋ ቋንቋ ከሞገቷት አንዱን አገባች። ልጅ ወለደች። በ2017 ባደረገችውና ብዙ ሰው ባየው ንግግር ከማይስማሙት ሰው ጋር እንዴት ማውራት እንደሚቻል አራት ነገር ጠቆመች፤ ክፉ ዓላማ አለው ብለህ አትነሳ፣ ጠይቅ፣ ተረጋጋ፣ ሐሳብህን ግልጽ አድርገህ አስረዳ። እነዚህ አራቱ እሷ ራሷ ላይ የተሠራባቸው ናቸው።

ያልተዘጋው

አያቷ ፍሬድ ፌልፕስ በመጋቢት 2014 አረፉ። ቀድሞ የወጣው ልጃቸው ናታን ከመሞታቸው በፊት በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ተወግዘው እንደነበር ተናግሯል። ቤተ ክርስቲያኗ የቀብር ሥነ ሥርዓት አላደረገችላቸውም። የስንቱን ሰው ቀብር ያወኩ ሰው ናቸውና ብዙዎች ሞታቸውን በደስታ ነበር የጠበቁት። ለሜጋን ግን አያት ነበሩ። እንዲህ ያለ ሐዘን የሚያለቅሱበት ቦታ የለውም።

ወላጆቿ አሁንም ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ናቸው። እሷ መልእክት መላኳን አላቆመችም። ይህን አንዳንድ ሰው «አልዳነችም ማለት ነው» ብሎ ሊወስደው ይችላል። እኔ አልስማማም። መዳን ማለት መርሳት ከሆነ የዳነ የለም። እሷ ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጇን ታሳድጋለች፣ እናቷንም ትናፍቃለች። ሦስቱ አብረው ይኖራሉ።

ከዚህ ጉዳይ ብዙ እንዳንጎትትም መጠንቀቅ አለብን። ሜጋን ዲግሪ ነበራት። አብራት የወጣች እህት ነበረቻት። ታሪኳን የሚሰማ ዓለም ነበር። ብዙ ሰው ሲወጣ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሥራውም፣ ቤቱም፣ የባንክ ደብተሩም በቡድኑ እጅ የሆነ ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው ስለ አስተሳሰብ ከመወያየት በፊት ማደሪያ፣ መታወቂያና የሚበላ ነገር ይቀድማል። ከዚያ እንቅልፍ። ከዚያ የሚሰማው አንድ ሰው።

ባለሙያ ማግኘት ከተቻለም ጥሩ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ከ1994 ጀምሮ ከእምነት ጋር የተያያዘ ቀውስን፣ በሽታ ሳይለው፣ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ጉዳይ አድርጎ አስቀምጦታል። ማርሊን ዊኔል የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2011 ይህን ዓይነት ጉዳት «የሃይማኖት ቁስል» ከሚል ስም ጋር አያይዘው ጽፈዋል፤ በይፋ የታወቀ የበሽታ ስም ግን አይደለም። ስሙ ምንም ይሁን፣ ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ «እመን» ወይም «አትመን» አይልም። ወጥቶ የመጣ ሰው አዲስ አዛዥ አያስፈልገውም። ዘመድም እንደዚያው። ወደ ራስህ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመውሰድ አትቸኩል። ከእምነት ሁሉ እንዲርቅም አትገፋፋው። ቀስ ብሎ ይመርጥ። ሲሳሳትም ይሳሳት፤ ለብዙ ዓመት ያልተፈቀደለት እሱ ነው።

የሜጋን ወንድም ጆሽ የወጣው በ2004 ነበር። የአጎት ልጇ ሊቢ በ2009 ወጣች። ከዚያ ሜጋንና ግሬስ። በየካቲት 2014 ደግሞ ሌላው ወንድሟ ዛክ ወጣ። ጆሽ ሲወጣ ከቤቱ ልጆች ቀድሞት የወጣ ወንድም ወይም እህት አልነበረውም። ዛክ ግን ሲወጣ ስልክ የሚደውልላቸው፣ ያንን ቤት የሚያውቁ፣ ለምን እንደሚያለቅስ ማስረዳት የማያስፈልጋቸው ወንድምና እህቶች ውጪ ነበሩት።